ሰባት ወር በጉዞ ላይ ሆኜ ሥራዬ እየተበታተነብኝ ነው፤ እናንተ እንዴት ትይዙታላችሁ?

ባለቀይሻንጣ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለሁለት ድርጅቶች በርቀት እሠራለሁ፤ ወር በገባ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ያለፈውን ወር ሂሳብ ዘግቼ ሪፖርቱን ማስረከብ አለብኝ። ዕቃዬን በአንድ ሻንጣና በአንድ የጀርባ ቦርሳ ጠቅልዬ ከቤቴ ከወጣሁ ሰባት ወር ሆነኝ። ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ስቆጥር በእነዚህ ሰባት ወራት አሥራ ዘጠኝ ከተሞች ውስጥ ኖሬያለሁ። ቁጥሩን ከጻፍኩት በኋላ እኔው ደነገጥኩ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር በእጄ ነበር። ጠዋት ሥራ፣ ከሰዓት በኋላ ከተማ። አሁን ግን ጠዋቱና ከሰዓቱ ተቀላቅለውብኛል። ስሠራ መውጣት የነበረብኝ ይመስለኛል፤ ስወጣ ደግሞ ያልጨረስኩት ሥራ አብሮኝ ይወጣል። ባለፈው ወር አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ መዘገብኩ፤ አንዴ አውቶቡስ ከመሳፈሬ በፊት፣ አንዴ ከአውቶቡስ ከወረድኩ በኋላ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቼ አላውቅም።

ከሁሉም የከፋው ግን በማርች የደረሰብኝ ነው። ሊዝበን ነበርኩ። ኒው ዮርክ ካለው ደንበኛዬ ጋር ዘወትር ማክሰኞ ስብሰባ አለን፤ በእነሱ 10፡00፣ በሊዝበን 15፡00 ላይ ነው (ግራ እንዳንጋባ ሁሉንም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ማክሰኞ 15፡00» ብዬ ጽፌ ነገሩን ከአእምሮዬ አውጥቼዋለሁ። በዚያች ማክሰኞ 14፡57 ላይ ማዳመጫዬን ሰክቼ፣ ሰነዱን ከፍቼ ስገባ ማንም የለም። ለካ አሜሪካኖቹ ከሁለት ቀን በፊት፣ እሑድ፣ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት አዙረዋል፤ አውሮፓ ደግሞ ገና አላዞረም። የእነሱ 10፡00 ለእኔ 14፡00 ሆኖ ስብሰባው አልፎኛል። ደንበኛው አልተቆጣኝም። «በጉዞ ላይ ስለሆንሽ ነው መሰለኝ» አለኝ በትሕትና። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ካለፈው ሳምንት ወዲህ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል። ስልኬ ድንበር ባለፍኩ ቁጥር ሰዓቱን ሲቀያይር ስለሰለቸኝ በራሱ እንዳይቀይር ዘጋሁትና በእጄ አንድ ሰዓት ወደ ፊት አስኬድኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሂሳብ ፕሮግራሙ ለመግባት ከስልኬ የምገለብጠው ባለስድስት አኃዝ ኮድ «የተሳሳተ ነው» እየተባለ ይመለስብኛል። አሁን የምሠራው ላፕቶፑ ከዚህ በፊት ስለሚያውቀኝ ብቻ ነው፤ ቢያስወጣኝ አለቀልኝ።

ሦስት የሥራ ዝርዝር መያዣ መተግበሪያዎች አሉኝ፤ ሦስቱም ላይ የተለያየ ነገር ተጽፏል። እናንተ ብዙ ጊዜ የተጓዛችሁ ሰዎች ምን ዓይነት አሠራር ትከተላላችሁ? የትኛውንስ መተግበሪያ ትመክሩኛላችሁ?


አዝጋሚ፦

እህቴ፣ መልሱን ጥያቄሽ ውስጥ ጽፈሽዋል። አሥራ ዘጠኝ ከተማ።

የሂሳብ ሰው ስለሆንሽ በሂሳብ እንነጋገር። ከተማ መልቀቅ አንድ ቀን ይወስዳል፤ ልብስ ማጠብ፣ መጠቅለል፣ ቁልፍ ማስረከብ፣ የሚቀጥለውን ማረፊያ ማጣራት። መንገዱ አንድ ቀን። ደርሶ መደላደል አንድ ቀን። ሦስት ሦስት ቀን ብንይዝ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሲደመር ሃምሳ ሰባት ቀን ነው። ከ210 ቀን ውስጥ ሁለት ወር ገደማ ያገለገልሽው ሻንጣውን ነው። ይህን ወጪ በየትኛው መዝገብ ያዝሽው? በየትኛውም አልያዝሽውም፤ ስለዚህ ከእንቅልፍሽና ከደንበኞችሽ ላይ በዝምታ ሲቀነስ ከረመ።

እኔ ፕሮግራም ጸሐፊ ነኝ፤ ሃምሳን ተሻግሬያለሁ፤ እንዲሁ እየተዘዋወርኩ ስሠራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያው ዓመት ልክ እንደ አንቺ ነበር። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ያን ዓመት አብዛኛውን ስለቅም ነው ያሳለፍኩት። አሁን ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ከተማ አልቀይርም፤ ሲሆን ሲሆን ሦስት ወር። በአንቺ ቦታ ብሆን ከወሩ 25 ጀምሮ እስከሚቀጥለው ወር 7 ድረስ ሻንጣው አልጋ ሥር ይተኛ ነበር። ሂሳብ በሚዘጋበት ሳምንት ማረፊያ መቀየር እየተዋኙ ደብዳቤ እንደ መጻፍ ነው። የምንቀሳቀሰውም ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው፤ እሑድ ለመደላደል ይቀረኛል፣ ሰኞ የማውቀው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።

አዲስ ክፍል ስገባ የመጀመሪያዋ ሰዓት ትልቅ ቦታ አላት። ሻንጣውን አልከፍትም። በመጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ እቀመጣለሁ፤ ሶኬቱ የት እንዳለ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አያለሁ። መስኮት ከጀርባዬ ከሆነ በቪዲዮ ጥላ ብቻ ነው የምመስለው፤ ጠረጴዛውን አዞራለሁ። በሩን ዘግቼ እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ኢንተርኔቱን እለካለሁ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የዋይፋይ መሣሪያው አጠገብ ቆሞ ይለካና ሰኞ ከሁለት ግድግዳ ጀርባ ይሠራል። ማታ 20፡00 ላይ፣ የሕንፃው ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ፣ እንደገና እለካለሁ። ከዚያ አንድ መሳቢያ ከቁም ሣጥኑ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ እገለብጥና ላፕቶፑን ከላዩ አስቀምጣለሁ፤ ስክሪኑ ከዓይኔ ጋር ይስተካከላል። ይዤው የምዞረው ትንሽ የቁልፍ ሰሌዳ ደግሞ ከፊቱ ይቀመጣል። በሁለተኛው ዓመት አንገቴን መዞር አቅቶኝ ሦስት ሳምንት ከተኛሁ ወዲህ ይህን አንድም ቀን አልዘለልኩም። የቤት ባለቤቶች መሳቢያቸውን ተገልብጦ ሲያገኙት ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።

ስለ ኢንተርኔት አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎች ፍጥነቱን ብቻ ያያሉ። ለቪዲዮ ስብሰባ በሰከንድ አራት ሜጋቢት ገደማ ይበቃል፤ ዋናው መዘግየቱ ነው። ድምፅ ወደ አንድ አቅጣጫ ለመድረስ እስከ 150 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ጆሮ ብዙም አያስተውለውም። አንድ ጊዜ ተራራ ላይ ያለ ጎጆ ተከራየሁ፤ ማስታወቂያው «ፈጣን ኢንተርኔት» ይላል፣ ስለካውም ፈጣን ነው። ነገር ግን ግንኙነቱ ከምድር 36,000 ኪሎሜትር ገደማ ላይ በሚቆመው ዓይነት ሳተላይት የሚሄድ ነበር። ምልክቱ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መልሱ ደግሞ ወጥቶ እስኪወርድ ለመንገዱ ብቻ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይበላል። በስብሰባ ላይ እኔና የሥራ ባልደረባዬ እኩል እንናገራለን፤ ይቅርታ ተባብለን እኩል ዝም እንላለን፤ ከዚያ እንደገና እኩል እንጀምራለን። በአራተኛው ቀን ለቀቅኩ።

መተግበሪያ አልመክርሽም። ከሦስቱ ሁለቱን አጥፊ። የትኞቹን ቢሆን ግድ የለም።


የሌሊትፈረቃ፦

በጋሽ አዝጋሚ ሐሳብ በግማሹ እስማማለሁ። እኔ ሁለት ሳምንት ይበቃኛል፤ ለሥራ ከተቀመጥኩባቸው ከተሞች ጥሩ ጥሩዎቹን ያገኘሁት ለአሥር ቀን ብዬ ገብቼ ነው። የባለቀይሻንጣ ችግር ግን ከከተማው ብዛት ይልቅ ከሰዓቱ አያያዝ የመጣ ይመስለኛል።

እኔ የትርጉም ሥራ ነው የምሠራው፤ ቡድኔ ሁልጊዜ ከእኔ ስድስት ሰባት ሰዓት ይርቃል። ስህተትሽ «15፡00» ብለሽ መጻፍሽ ነው። ስብሰባው የአንቺ አይደለም፤ የኒው ዮርክ ነው። ስለዚህ ቀን መቁጠሪያው ላይ «10፡00፣ ኒው ዮርክ» ተብሎ መመዝገብ አለበት። ጉግል ካሌንደርም ሆነ ሌሎቹ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የሰዓት ክልል መምረጫ አላቸው፤ ከተማውን ስትመርጪ የዚያ አገር ሕግ አብሮ ይገባል። አንዳንዱ ሰው ብልህ የሆነ መስሎት «ከዩቲሲ (የዓለም ሰዓቶች ሁሉ ከሚለኩበት የጋራ ሰዓት) አምስት ሰዓት ኋላ» ብሎ በቁጥር ይይዘዋል። ቁጥሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚለወጥ እንደ አንቺው ይወድቃል።

አሜሪካ ሰዓቷን የምታዞረው በማርች ሁለተኛው እሑድ ሲሆን የምትመልሰው በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው። አውሮፓ በማርች የመጨረሻው እሑድ ያዞርና በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ይመልሳል። ለምሳሌ በ2025 አሜሪካ ማርች 9፣ አውሮፓ ማርች 30 ነበር፤ መካከል ያሉት ሦስት ሳምንታት የእኛ ቢጤዎች የሚዋረዱባቸው ናቸው። በኦክቶበር መጨረሻም እንዲሁ አንድ ሳምንት አለ። ከዚህ ሌላ አገሮች ሐሳባቸውን ይቀይራሉ፤ ሜክሲኮ በ2022 አብዛኛው ግዛቷ ላይ ማዞሩን ተወች፣ ግብፅ ደግሞ በ2023 መልሳ ጀመረች። ኔፓል ከዩቲሲ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ትቀድማለች፤ እዚያ ሳለሁ አንድ ወር ሙሉ በጭንቅላቴ መደመር አቅቶኝ በጣቴ ስቆጥር ነበር። ሳሞአ ደግሞ ወደ ቀን መለያው መስመር ሌላኛው ወገን ስትሻገር ዲሴምበር 30 ቀን 2011ን ጨርሳ ዘለለችው። በዚያ ቀን ሪፖርት የማስረከብ ግዴታ የነበረበት ሰው ምን እንዳደረገ ሁልጊዜ አስባለሁ።

የእጅ ሰዓት አስሬ እዞራለሁ፤ ተራ ሰዓት፣ ከምንም ጋር የማይገናኝ። ሁልጊዜ የቡድኔን ሰዓት ነው የሚያሳየው፤ የትም ብሄድ አልነካውም። ስልኬ ያለሁበትን ያሳየኛል፣ ክንዴ የሚጠብቁኝን።

እንዲሁም ከእነሱ ጋር የሚገጥሙ ሦስት ሰዓታትን ለይቼ ሰጥቻቸዋለሁ። በእነዚህ ውስጥ ወዲያው እመልሳለሁ፣ ከእነዚህ ውጪ መልእክት አላይም። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። የሚያበሳጫቸው የእኔ መዘግየት ሳይሆን መቼ እንደምመልስ አለማወቃቸው እንደነበር ዘግይቶ ገባኝ።

ወደ ምሥራቅ ስትበሪ ደግሞ ተጠንቀቂ። የሰውነታችን የውስጥ ሰዓት ከ24 ሰዓት በጥቂቱ ስለሚረዝም ቀኑ ሲረዝምበት ይቀለዋል፣ ሲያጥርበት ይከብደዋል። ወደ ምዕራብ ሰባት ሰዓት ሄጄ በሦስተኛው ቀን ደህና እሠራለሁ፤ ወደ ምሥራቅ ሰባት ሰዓት ከሄድኩ ሳምንቱን ሙሉ የምጽፈውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ካላነበብኩ አላምነውም። ደረሰኙን ሁለት ጊዜ የመዘገብሽው ከየት ወደ የት ስትሄጂ ነበር?


መጠባበቂያ፦

የኮዱን ነገር ማንም ስላልነካው እኔ ልመልስ።

ያ ኮድ ከኢንተርኔት አይመጣም። ስልክሽ ውስጥ ካለ ምስጢራዊ ቁልፍና ከሰዓቱ ተሰልቶ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል። ሰርቨሩም (የምትገቢበት ፕሮግራም ኮምፒውተር) በራሱ ሰዓት ያንኑ ያሰላል፤ ሁለቱ ከተገጣጠሙ ትገቢያለሽ። ስልኩ የሰዓት ክልል ሲቀይር ከውስጥ ያለው ዩቲሲ አይነካም፤ የሚለወጠው ከላይ የሚታየው ብቻ ነው። አንቺ ግን ክልሉን ሳትቀይሪ ሰዓቱን በእጅሽ ስታስኬጂው ዩቲሲውንም አብረሽ አንድ ሰዓት ገፋሽው። አሁን ስልክሽ የሚሰጥሽ ሰርቨሩ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚቀበለውን ኮድ ነው። አውቶማቲኩን መልሺው፤ ይስተካከላል።

ከዚያ ግን አንድ ፈተና ለራስሽ ስጪ። ስልክሽን አጥፍተሽ መሳቢያ ውስጥ ዝጊበትና «እስከ ማታ ሥራዬን መቀጠል እችላለሁ?» ብለሽ ሞክሪ። በሐሳብ ሳይሆን በተግባር። እኔ ይህን የተማርኩት ባቡር ውስጥ ስልኬን ረስቼ ስወርድ ነው። ባንኬ (ስሙን ልተወው) የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነበር። ሲሙን ለመተካት በአካል ቅረብ ተባልኩ፤ እኔ ያለሁት ውቅያኖስ ማዶ ነው። ሃያ ሦስት ቀን ከራሴ ገንዘብ ተቆልፌ ቆየሁ፤ የቤት ኪራይ የከፈለልኝ የፎቅ ጎረቤቴ ነበር፣ ስሜን እንኳ በትክክል የማይጠራ ሰው።

አሁን አሮጌ ስልክ ሻንጣው ውስጥ አለኝ፤ የኮድ ማውጫው እዚያም ላይ ተጭኗል። ስልክ ሲጠፋ የሚያገለግሉትን መልሶ መግቢያ ኮዶች በወረቀት አትሜ ከፓስፖርቱ በተለየ ቦርሳ ውስጥ አድርጌያለሁ። የአገሬ ሲም ከስልኩ አይወጣም፤ ለኢንተርኔት ኢሲም (ስልኩ ውስጥ ያለ ካርድ የሚጫን ሲም) እገዛለሁ። ለፋይሎቼ የድሮውን የሦስት ሁለት አንድ ደንብ እከተላለሁ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከእኔ ርቆ። የላፕቶፕሽ ዲስክ በይለፍ ቃል የተመሰጠረ መሆኑንም ዛሬውኑ አረጋግጪ፤ የያዝሽው የሰው ደመወዝ ነው። አንድ ጊዜ ባቡር ላይ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት የደመወዝ ሰንጠረዥ ስትሞላ ሳልፈልግ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ገቢ በሙሉ አንብቤ ወርጃለሁ።

ሳልረሳው፣ ቀኖችሽን ቁጠሪ። ሊዝበን የሼንገን ክልል (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ያነሱ የአውሮፓ አገሮች) ውስጥ ነው፤ በአጭር ቆይታ የገባ ሰው በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም፤ ቆጠራው ደግሞ በየቀኑ ወደ ኋላ 180 ቀን እየታየ የሚሠራ እንጂ ከጥር የሚጀምር አይደለም። ብዙ አገሮች በዓመት 183 ቀን የቆየባቸውን ሰው ለግብር እንደ ነዋሪ ይቆጥሩታል። የቱሪስት ቪዛም ሥራ ይፈቅዳል ማለት አይደለም፤ ኢስቶኒያ በ2020 በርቀት ለሚሠሩ ሰዎች የተለየ ቪዛ የጀመረችውም፣ ሌሎችም የተከተሏት ለዚሁ ነው። ጋሽ አዝጋሚ ሦስት ወር ተቀመጪ ሲሉሽ ይህንንም አብረሽ አስቢው።


ባለቀይሻንጣ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጠባበቂያ፣ አውቶማቲኩን መለስኩት፤ የመጀመሪያው ኮድ ገባ። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ የመዝጋቱን ፈተናም ሞከርኩት፤ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ወደቅኩ። የኢሜይሌ መግቢያ ራሱ ስልኬን ነው የሚጠይቀው።

የሌሊትፈረቃ፣ ጥያቄሽን አይቼ መዝገቤን ገለበጥኩ። ደረሰኙ የተደገመው ወደ ምሥራቅ ስሄድ ነው። የቀጠሮዎቼንም የሰዓት ክልል አንድ በአንድ ቀየርኩ፤ ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ እኔ ከወራት በፊት በለቀቅኩት ከተማ ሰዓት ተመዝግበው ነበር። እስከ ዛሬ በምን ተአምር እንደደረስኩባቸው አላውቅም።

ጋሼ አዝጋሚ፣ ሃምሳ ሰባቱን ቀን አላመንኩዎትም ነበር። የአውቶቡስና የአውሮፕላን ቲኬቶቼን ከማረፊያ ደረሰኞቼ ጋር አስታረቅኩ፤ የእኔ ስድሳ አንድ ቀን ወጣ። ሰኞ ልነሳበት የነበረውን ቲኬት ወደ ወሩ 8 አዛውሬዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። ወር ሙሉ አንድ ቦታ ከተቀመጥኩ ቤቴ ከመቀመጥ በምን ተለየ? ደግሞም ሁለቱን መተግበሪያዎች አጠፋሁ፤ ሦስተኛውን ስከፍተው የዛሬ አምስት ወር የጻፍኩት «ጥሩ ወንበር ፈልጊ» የሚል አለ። አሁን የተቀመጥኩበት ወንበር ሦስት እግሩ ብቻ ነው ወለሉን የሚነካው።


አዝጋሚ፦

ስድሳ አንድ! እኔማ ራርቼልሽ ነበር።

በምን እንደሚለይ ልንገርሽ። በሁለተኛው ሳምንት ጥግ ያለው ጽሕፈት መሣሪያ ሻጭ ምን እንደምትፈልጊ ሳትጠይቂው ያወጣልሻል። በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ የሚመጣው ከየትኛው ኮረብታ በኩል እንደሆነ ታውቂና ልብስሽን ቀድመሽ ታስገቢያለሽ። አራት ወር ከኖርኩበት ከተማ ዝነኛውን ሕንፃ ሳላየው ወጥቻለሁ፤ ልብስ ስለማስገባት ግን ብዙ አውቃለሁ።

ለወንበሩ ወረቀት አጥፈሽ ከአጭሩ እግር ሥር አድርጊ። እኔ የምጠቀመው የአውሮፕላን መሳፈሪያ ወረቀት ነው፤ አራት እጥፍ ሲሆን ውፍረቱ ልክ ይመጣል። አሥራ ዘጠኝ ከተማ ዞረሽ ወረቀት አታጪም።